የገና ጠዋት ቅርጫ

በእኛ ሆቴል የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። በመስኮቱ አሻግረው ቢያዩ የአሸተን ማርያም ተራራ ከነግርማው ተገትሯል፤ ነገር ግን አንሶላ የሚያጥብ ሰው ተራራ አያይም። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። ሆቴሉ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ብቻ ተለይቼዋለሁ። ይከፈታል የተባለ ዕለት ግን ከማንም ቀድሜ ደረስኩ። ዘበኛው፣ "እሜቴ፣ ባለቤቱ እንኳ ገና አልመጣም" ቢለኝ፣ "ይምጣ፣ እኔ እከፍትለታለሁ" አልኩት።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የተረፈኝ ትምህርት የአባቴ አንድ አባባል ነው፤ "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" ይል ነበር። በዚህ አባባል ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ሴት፣ ጭብጦ አስመልሳለሁ ስትዪ በቅሎውን ታስበያለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቀድሞ በሆቴላችን ሰው የሚቀጠረው በር ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብሎ የቆሙትን ያያል፤ የሚያውቀውን ይጠራል። የሚሰናበተውም እንዲሁ በኩርፊያ ነው። አንድ አስተናጋጅ ለምን እንደተባረረ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ እሱም አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እናቱ ጎረቤቴ ነበረች። አንድ ሰው እንግዳውንም፣ መብራቱንም፣ ውኃውንም፣ ሠራተኛውንም ልያዝ ሲል የሚያመልጠው ሁልጊዜ ሠራተኛው ነው። ውኃ ሲቋረጥ እንግዳ ይጮኻል፤ ሠራተኛ ሲበደል ግን ዝም ብሎ ያጥባል።

አዲሶቹ ክፍሎች ተሠርተው ሲያልቁ ባለቤቱ የሰው ሀብት አስተዳደር የሚባል ሥራ የተማረች ልጅ ከደሴ አመጣ። ዘበኛው ወሬውን ይዞልን ገባ።

"የሰው ሀብት መጣችልን" አለ።

"ምንድን ነው ደግሞ እሱ?" አልኩት።

"ባለቤቱ በግና ፍየል ጨርሶ አሁን እኛን ሊያስቆጥር ነው።"

ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ሙስሊም ልጅ ናት። በገባች ማግስት ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ወለሉ ላይ የሳሙና ውኃ ይሄዳል።

"እማማ፣ እዚህ ቤት ምን ያስቸግርዎታል?" አለችኝ።

"የሚያስቸግረኝማ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀኝ ሰው ነው።"

ሳቀች። ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባች፤ የተደፈነውን ቱቦ አየች፤ እጄን ያዝ አድርጋ ገልብጣ አየችው። ሳሙናው መዳፌን እንደ ክረምት መሬት ሰነጣጥቆት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቱቦው ተጠረገ፤ የላስቲክ ጓንትና ቦቲ ጫማ መጣ። ይህን ያህል ዘመን ስንሠራ ጓንት ያልጠየቅነው እንደማይሰጠን አውቀን አይደለም፤ የሚጠየቅ ነገር መሆኑን ስላላወቅን ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቱን በዓይኔ እየተከተልኩ አጥብቄ መመዘን ጀመርኩ። ጓንት የሰጠ ሁሉ ፍርድ ያውቃል ማለት አይደለምና።

የምመዝንበትም ጊዜ ሳይዘገይ ደረሰ፤ ገና መጣ።

ገና በላሊበላ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። የጌታ ልደት ነው፤ የቅዱሱም ልደት ነው። ከየአገሩ ሕዝብ በእግር ይመጣል፤ ሆቴሉ ሁሉ ይሞላል፤ ማታ ማኅሌት፣ ሲነጋጋ ቅዳሴ፣ ፀሐይ ስትወጣ ካህናቱ ከገደሉ ላይና ከሥሩ ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ያቀርባሉ። የከተማው ሰው በሽተኛም ቢሆን ለዚያ ይነሣል። እኛ የሆቴል ሠራተኞች ግን ገናን የምናውቀው በድምፅ ማጉያ ነው። ሌላው ሲያሸበሽብ እኛ ሻይ ለማቅረብ ቆመን እንጠብቃለን። ይህን እየተራገምንም እየሳቅንም ለምደነው ነበር።

በዚያ ዓመት ግን አንዲት ሴት ልትለምደው አልቻለችም። ክፍል የምታጸዳ የሥራ ባልደረባችን ናት። ልጅ አጥታ ብዙ ዘመን ስትለምን ኖራ፣ "ወንድ ይሁን ሴት ስጠኝና፣ በልደትህ ቀን ልጄን ታቅፌ ዣንጥላ አስገባለሁ" ብላ ተሳለች። ልጁ ተወለደ። ዣንጥላው ተገዛ፤ አረንጓዴ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። በማጠቢያ ክፍላችን ከአንሶላው መደርደሪያ በላይ ተሰቅሎ ገናን ይጠብቃል። ልጁ ደግሞ ደረቱ ደካማ ነው፤ በክረምቱ ደጋግሞ ታመመባት፤ ደጋግማ ከሥራ ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ በገና ማንም ንቅንቅ አይልም ብሎ ነበር። የደሴዋ ልጅ ተከራክራ ግማሹ ሠራተኛ ጠዋት እንዲሄድ አስፈቀደች። ለዚህ አመሰገንናት። ከዚያ ማን እንደሚሄድ በነጥብ ለይታ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፈችው። ያልቀረ፣ ያላረፈደ ከላይ፤ የቀረ ከታች። ከሁሉም ታች ያቺ ባለ ስለት።

እጄን እንኳ ሳላደርቅ ቢሮዋ ገባሁ።

"ይህን ማን ለጠፈው?"

"እኔ ነኝ እማማ። ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። የልጅ ትኩሳት ስንት ነጥብ ነው የሚቆረጥበት?"

"ነጥቡ ለሁሉም እኩል ነው የተያዘው እማማ። ለማንም አላዳላሁም።"

"እኩልማ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ልጁ አይታመምበትም፤ አንደኛ ይወጣል። ዘበኛውን እዪው እስቲ፤ አንደኛ ነው። ምነው ቢሉ ቤት የለውም፤ እዚሁ በር ላይ ነው የሚያድረው። ከየት አርፍዶ ይመጣል?"

ልትስቅ ነበር፤ ቻለችው። ብዕሯን አስቀመጠችና፣ "እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉ ነበር?" አለችኝ።

ይህን አልጠበቅሁም። አለቃ ነገር ሲሳሳት የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ ይቆጣል። የምመልስለትንም አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ለጥያቄ ግን አልተዘጋጀሁም።

"ቅርጫ" አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። "በሬ ስንካፈል እንደምናደርገው። ሁሉም ምልክቱን ይስጥ፤ የማያውቀን ሰው ያስቀምጥ። አለቃ የለ፣ ዘመድ የለ።"

ፊቷ በራ። "አባቴ እኮ በሰፈራችን የቅርጫ ሥጋ የሚመድበው እሱ ነው" አለች። "እሺ፣ በቅርጫ ይሁን።"

"ግን አንድ ነገር" አልኳት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በር ላይ ተሰብስበው የሚያደምጡት ሁሉ እንዲሰሙ። "ዕጣ ከወጣ በኋላ ማንም አይነካውም። ሥራ አስኪያጁም፣ አንቺም፣ እኔም። ላሊበላ ምስክሬ ነው!"

ለምን እንዲህ እንደማልኩ ልናገር። ቀድሞ የዕረፍት ተራ ነበረን፤ በስም። ተራው ሲደርስ ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበው መጥቶ፣ "እባክሽ ተቀያየሪኝ" ይላል። አለቃ ጋ የሚበላ ሰው "እባክሽ" ሲል ልመና አይደለም። መለዋወጥ የሚባል ነገር ሁልጊዜ ከደካማ ወደ ብርቱ ነው የሚሄደው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በመተኮሻው ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆምን። ነጭ ፎጣ የደረሰው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የወጥ ቤት ጨርቅ የደረሰው ይሠራል። ምልክት ተሰበሰበ። ወጥ ሠሪዋ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘበኛው ፊሽካውን፣ እኔ የምሰፋበትን የጣት ቆብ፣ ባለ ስለቷ የልጇን አንድ እግር ካልሲ፣ ሌሎቹም ቁልፍ፣ ክብሪት፣ የፀጉር ማስያዣ። ልጅቱም የብዕሯን ክዳን ጨመረች።

"አንቺ ገና ምንሽ ነው?" አላት ዘበኛው።

"ገና አላከብርም ጋሼ፤ ሥራ ግን እሠራለሁ። እናንተን ዕጣ አስጥዬ እኔ ቆሜ ላይ ነው?"

ይህች ቃሏ ገባችኝ።

የማያውቀን ሰው ስንፈልግ ከአሸተን ማርያም በታች ካለው መንደር እንቁላል ይዛ የመጣች ሴት ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበረች። ዋጋ ላይ አልተስማማችም፤ ተቆጥታለች። ምልክቱን በቀሚሷ እቅፍ አፈሰስንላትና አንድ በአንድ እያነሣች እንድታስቀምጥ ነገርናት። ጠረጴዛውን ዞር ዞር እያለች አየችው።

"ሥጋው የታለ?" አለች።

"ሥጋ አይደለም እህቴ፣ ጊዜ ነው የምንካፈለው።"

"ጊዜ? በጾም እንቁላል የምትገዙት ሳያንሳችሁ ጊዜም ትበልታላችሁ?"

"እንቁላሉ ለፈረንጅ ነው!" አለች ወጥ ሠሪዋ ተናዳ።

"እናንተ ናችሁ የምታውቁት" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በእጇ ብቻ እየዳሰሰች ታስቀምጥ ጀመር። ፊሽካው ጨርቅ ላይ። ነጭ ሽንኩርቱ ፎጣ ላይ። የእኔ የጣት ቆብ ፎጣ ላይ። የብዕሩ ክዳን ፎጣ ላይ። ትንሿ ካልሲ የወጥ ቤት ጨርቅ ላይ።

ለባለ ስለቷ ሥራ ደረሳት።

"በሉ ይቀያየሩ እንጂ" አለ ዘበኛው ወደ ብዕሩ ክዳን እያመለከተ። "ይህችኛዋ ለገና ፎጣ ምን ያደርግላታል? እግዜርም አላህም የሚቆጣ አይመስለኝም።"

ልጅቱም እጇን ዘረጋች። እኔ ግን፣ "አይነካም!" አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ወጥ ሠሪዋ፣ "ኧረ እርስዎ የሰው ልብ የለዎትም?" አለችኝ። ልብማ ነበረኝ። የራሴን ፎጣ ልሰጣት እፈልጋለሁ። ግን ዛሬ ላዘንንላት ቢቀየር፣ ነገ ለምንፈራው ይቀየራል። ምዬበታለሁ።

ባለ ስለቷ ካልሲውን አንሥታ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። አላለቀሰችም። "እማማ ልክ ነዎት" አለች። "እኔ ግን እሄዳለሁ። ስለቴን ሳላገባ ከዋልኩ ልጄን ምን ብዬ አያለሁ? ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ።" ሥራውን ማጣት ማለት የልጁን መድኃኒት ማጣት እንደሆነ እዚያ የቆምነው ሁሉ እናውቃለን።

ያኔ ነው ልጅቱ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ አጠገቤ የቆመችው።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቅርጫ ላይ ለአንዱ ጥሩ ሥጋ፣ ለአንዱ ባዶ አጥንት ቢደርስ ማን ነው የሚወቀሰው?"

"የመደበው ነዋ! ሌላ ማን ይወቀሳል?"

"ዕጣውስ?"

"ዕጣው ምን አደረገ?"

"እንግዲያው የመደብኩት እኔ ነኝ" አለች። "አባቴ ሥጋ ሲመድብ ጧት ጀምሮ ቀትር ይሆንበታል። ጉበቱን ለሁሉ፣ ጨጓራውን ለሁሉ፣ ሽንጡን ለሁሉ እያዳረሰ፣ አጥንት የበዛበት መደብ ላይ ሥጋ እየጨመረ ነው። ዕጣው የመጨረሻዋ ትንሽ ሥራ ናት። እኔ ግን አንዱን መደብ ሥጋ፣ አንዱን አጥንት አድርጌ ዕጣ አስጣልኳችሁ። ዕጣውን አልነካም፤ መሐላዎም አይፈርስም። መደቡ ነው የተበላሸው። እንደገና ይመደብ።"

 ዕድሜዬን ሙሉ ቅርጫ ስበላ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መደቡ እኩል ሲሆን ብቻ ዕጣ ፍርድ እንደሚሆን ማሰብ ነበረብኝ። እሷም አላሰበችም፤ እኔም አላሰብኩም፤ በችኮላ ሁለታችንም ያልታረደ በሬ ተካፈልን።

"አብረን ነው የመደብነው" አልኳት። "አሁንም አብረን እንመድበው።"

እንቁላል ሻጯ፣ "ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?" አለች። ሻይ አምጥተን አስቀመጥናት።

ልጅቱ መጠየቅ ጀመረች። ጥያቄዋ የሕፃን ጥያቄ ይመስላል።

"ፀሐይ ስትወጣ እንግዶቹ የት ናቸው?"

ወጥ ሠሪዋ ሳቀች። "ቤተ ክርስቲያን ናቸዋ! የመጡት ለዚያ አይደል?"

"ታዲያ እዚህ ሁላችሁም ማንን ትጠብቃላችሁ?"

ተያየን። ለካስ በየዓመቱ ባዶ ቤት ነበር የምንጠብቀው። ቁርሱን የሚበሉት ሲመለሱ ነው፤ ሻዩም የሚፈላው ሲመለሱ ነው። ደክሞት ወይም አሞት ቀድሞ የሚመለስ እንግዳ አይጠፋም፤ ስለዚህ የተወሰነ ሰው መኖር አለበት፤ ሁሉም ግን አይደለም።

በዓሉን እንደ በሬው ከፈልነው፤ ማኅሌቱ፣ ቅዳሴው፣ ቤዛ ኩሉው። እያንዳንዱ ሰው በአንዱ ሰዓት ሥራ ላይ ይሆናል፤ በሁለቱ ነፃ ነው። እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው፣ የትኛውም ዕጣ ቢደርሰው፣ በልደት ቀን ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ባለ ስለቷ በከንፈሯ ትቆጥር ነበር፤ ቆጥራ ጨርሳ ሲገባት ካልሲውን ከጡቷ ሥር አወጣችው።

"ቆይ፣ ቆይ" አልኩ እኔ። "ቤዛ ኩሉን የሚያጣው ተበደለ። ሽንጡ እሱ ነው።"

"ልክ ነዎት" አለች ልጅቱ። "ምን እንጨምርለት?"

"ጥምቀትን ሙሉ ቀን ይውሰድ!" አለ ዘበኛው፤ ሁሉም ጮኾ ተስማማ። አጥንት የበዛበት መደብ ላይ ሥጋ ተጨመረ ማለት ነው።

ከዚያ የቀረን ሥራ አስኪያጁን ማሳመን ነበር። ልጅቱና እኔ ተያይዘን ገባን። እሷ አስረዳችው፤ እሱ ግንባሩን ያሻል።

"በገና? ቤቱን ባዶ አድርጌ?" አለ። "እንግዳ ቢጠራስ?"

"እንግዳው ቤዛ ኩሉ ላይ ነው ያለው" አልኩት። "ከጠራህም ከእዚያ ነው የሚጠራህ።"

"እማማ፣ ሆቴል በቅርጫ አይመራም።"

"ሆቴሉማ በአንተ ነው የሚመራው። ሰው ግን ሲከፋው እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ። አንሶላው ነጭ ይሆናል፤ ፊቱ ግን ጥቁር ነው። እንግዳ የሚያየው የቱን ነው?"

ልጅቱ ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ፣ ባለ ስለቷ መሄዷ እንደማይቀር፣ ብትባረር እንደ እሷ ክፍል የሚያጸዳ ሰው ለማሠልጠን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ሌሎቹም አኩርፈው እንደሚለግሙ አስረዳችው። እኔ የምጮኸውን ነገር እሷ በሌላ በር ታስገባዋለች። ሁለታችን ስንተባበር ያ ሰው መውጫ አልነበረውም።

ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ "የእኔስ ምልክት?" አለ።

በትክክል ያልሰማሁ መስሎኝ፣ "ምን አልክ?" አልኩት።

"ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ ቤዛ ኩሉን አላየሁም፤ እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ" አለና የመነጽሩን ማኅደር ሰጠኝ።

ይዤው ስመለስ ሠራተኛው እልል ብሎ ተቀበለኝ። አሁን ነጭ ፎጣ የማኅሌት ሰዓት ሥራ፣ የወጥ ቤት ጨርቅ የቅዳሴው፣ የትራስ ልብስ የቤዛ ኩሉው ሰዓት ሥራ ሆነ። እንቁላል ሻጯ ሻይዋን ጨርሳ ተነሣች፤ "አሁንስ ሥጋው መጣ?" ብላ ፊቷን ወደ ተራራዋ አዞረች። ትንሿ ካልሲ ነጩ ፎጣ ላይ አረፈች። ማታ ሥራ፣ ጠዋት ነፃ። ባለ ስለቷ ሴትየዋን አቅፋ ሳመቻት፤ ሴትየዋም በዚያው እንቁላሉን በጠየቀችው ዋጋ ሸጠች። የብዕሩ ክዳንም ከካልሲው ጎን ነጭ ፎጣ ላይ ወደቀ። የእኔ የጣት ቆብ የትራስ ልብስ ላይ ሆነ። አጠገቡ የመነጽር ማኅደር ነበር።

"እሜቴ" አለ ዘበኛው፣ "እንቀያይርልዎ?"

"አንቱ ዝም በሉ!" አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ይህ ነገር ለትልቅ ቤት ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ልጄ ባጃጅ ከሚቆምበት አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ሦስት ልጆች ይሠሩላታል። ወሬውን ስነግራት፣ "እናቴ፣ ለሦስት ሰው ምን አስተዳደር ያስፈልጋል? እኔው እበቃለሁ" አለችኝ። "ዕቃ የምታጥበው ማን ናት?" አልኳት። "ታናሺቱ።" "ጉርሻ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ የምታስተናግደውስ?" "ትልቋ።" "ሁልጊዜ?"  ልጄ ማማሰያዋን ሽሮው ውስጥ እንዳደረገች ወደ ጓዳ አየች፤ ታናሺቱ እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ ነበረች። በማግሥቱ ተራ አወጣችላቸው። ሰው ሦስትም ይሁን ሠላሳ፣ መደቡን የሚያስተካክል ከሌለ አጥንቱ የሚደርሰው ዝም ለሚለው ነው። በሦስት ሰው ቤት እንዲያውም ይብሳል፤ የሚሸሸጉበት ጥግ የለም።

ገና ደረሰ። ማታውን ማኅሌት፣ ሲነጋጋ ቅዳሴ ቆሜ፣ ሁሉም ወደ ገደሉ አፋፍ ሲወጣ እኔ ቁልቁል ወደ ሆቴሉ ወረድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሆቴል ሥራ ባልከለከለኝ ዘመን ሁሉ ያላጣሁት ጠዋት ነው፤ እግሬ እምቢ እያለ ነበር የሄድኩት። በሩ ላይ ባለ ስለቷን አገኘኋት፤ የማታ ሥራዋን ጨርሳ፣ የሌሊቱን ብርድ ለልጁ ፈርታ እስኪነጋ ቆይታ፣ አሁን በነጭ ነጠላ ጠቅልላው ትወጣለች። ዣንጥላውን ግን የያዘችው የደሴዋ ልጅ ናት።

"አንቺ ደግሞ ወዴት?" አልኳት።

"እጇ ሞልቶባት ነው እማማ። እስከ አጥሩ ላድርስላት፤ ከውጭ ቆሜ አያለሁ።"

"ብርድ ነው፤ ጋቢዬን ውሰጂ" አልኳት፤ ወሰደች።

ቤቱ ከእንግዳ ባዶ ነበር፤ የትራስ ልብስ የደረሳቸው ሌሎቹ ወጥ ቤት ገብተዋል። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ ማንም የማይደውልለትን ስልክ ያያል። እኔ ትልቁን በርሜል ውኃ አሙቄ ለቁርሱ ዕቃ ሳዘጋጅ በሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ሌሊቱን ከፍላቂት በኩል ሲጓዙ አድረው ያረፈዱ ተሳላሚዎች ነበሩ፤ እግራቸው አቧራ ለብሷል፤ አንዲት አሮጊት ጫማዋን በእጇ ይዛለች። መንገድ ጠፍቷቸው ነው። በእኛ አገር በገና የተሳላሚ እግር ሳይታጠብ አያልፍም። ገንዳውን ይዤ ወጣሁ። ብቻዬን ልሸከመው ስታገል ሥራ አስኪያጁ ደርሶ በሌላው ጎን ያዘው።

"ልብስህ ይበላሻል" አልኩት።

"ማጠቢያ ክፍል አለን አይደል?" አለና የኮቱን እጅጌ ጠቀለለ።

እሱ ውኃ ሲያፈስ እኔ ሳሽ፣ ከማዶ ድምፁ መጣ። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የካህናቱ ዜማ ከላይና ከታች ሲመላለስ። አሮጊቷ እግሯን ገንዳው ውስጥ እንዳደረገች እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም ለቀቅሁት። ሥራ አስኪያጁ ጆጉን ይዞ ተንበርክኮ ቀረ፤ ውኃው ጉልበቱ ላይ ይፈሳል፤ አላወቀውም። ከዚያ አሮጊቷ ባርካው መንገዱን አሳየናቸውና ሄዱ።

ፀሐይዋ ስትሞቅ እንግዶቹ ተመለሱ፤ ቁርስ ቀረበ፤ አንድም ሰው አልጮኸም። ቀጥለው የእኛዎቹ መጡ። ባለ ስለቷ ቀድማ ገባች፤ ልጁን ታቅፋ፤ ዣንጥላው የለም። ፊቷን ማየት ነበር። ማልቀሷንም መሳቋንም ለይቼ መናገር አልችልም። የደሴዋ ልጅ ጋቢዬን ለብሳ ከኋላዋ ናት።

"ገባ?" አልኳት።

"ገባ እማማ!"

"ሙሉውን አይደለም" አለች ልጅቱ። የሕፃኑን ጭብጥ ለማስከፈት ሞከረች፤ እምቢ አላት። በጣቶቹ መካከል ወርቃማ ዘርፍ ብቅ ብሏል። ቄሱ ዣንጥላውን ሲቀበሉ ሕፃኑ ዘርፉን ይዞ አለቅም ብሎ ገንጥሎ አስቀርቷል።

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አየው። "ከሰማይ ቤት ድርሻውን ቀንሶ መጣ?" አለ። "ይህ ልጅ ሲያድግ ዘበኛ አይሆንም። ሥራ አስኪያጅ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ እንደ ቆመ፣ ከሁላችንም አብልጦ ሳቀ።